ከሶኬት የማትነቀለው ስልክ

ርዕሰ መምህሩ አቶ ቢተው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «ልጅዎ ፋና የርቀት ትምህርቱን አልተከታተለችም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና አትቀመጥም» አሉኝ። ደሜ ፈላ።

አልተከታተለችም? ትምህርት ቤቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ? «ትምህርቱ በቴሌግራም ይላካል፣ መልሱንም በዚያው ላኩ» ብለው ሲያበቁ፣ መብራት የሌለው ቀበሌ እንዳለ ማን ይንገራቸው! ያለችን ስልክ አንዲት ናት። እሷም ባትሪዋ ሞቶ፣ ከሶኬት ከተነቀለች ድርግም ነው። ሶኬቱ ያለው ደግሞ ላሊበላ፣ አንሶላ በማጥብበት ሆቴል ነው። ፋናን ይዣት እንዳልወርድ፣ የሁለት ዓመት እኅቷን ማን ይይዝልኛል?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የዜማ መምህር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ተማሪዎቹን በቃል ሲያስጠና ጓዳ ሆኜ ስንቱን ይዣለሁ። እና ስልኳን እሰካለሁ፣ መምህር ታፈረ በድምፅ የላኩትን የሳይንስ ትምህርት አንሶላ እያሸሁ እሰማለሁ፣ እደግማለሁ። ቤት ስገባ ለፋና በቃሌ እልላታለሁ፣ እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የተማረችው!

ይህን ብነግራቸው አቶ ቢተው ሣቁ። አበስኩ ገበርኩ! ይሣቁብኝ?

«በይ ልጄ፣ የደም ዝውውሩን በያቸው» አልኳት ከጎኔ ያለችውን ፋናን።

ፋና ቀጥ ብላ ቆመች። «ልብ አራት ክፍሎች አሏት። ከቀኙ ክፍል የሚወጣው ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል። እህ፣ እህ፣ ይቅርታ ልጆች፣ ጉንፋን ይዞኛል። ከሳንባ ተመልሶ በግራ...»

ጥጉ ላይ የተቀመጡት መምህር ታፈረ ብድግ አሉ። «ኧረ ሳሉ የኔ ነው!»

«አዎ፣ የእርስዎ ነው» አልኩ። «በአባቴ ቤት ከመምህር አፍ የወጣ አንድም አይጣልም። የቱ ትምህርት የቱ ሳል እንደሆነ እኔ በምን ልወቅ?»

«ቢሆንም መልስ አልላከችም። መመሪያው...» አሉ አቶ ቢተው።

«መመሪያውን እኛ ቤት መጥተው በጨለማ ያንብቡልኝ!»

መምህር ታፈረ ደብተሯን ተቀብለው ከዳር እስከ ዳር ገለጡት። «ጌታዬ፣ አንድ አልቀራትም። በቴሌግራም ከመለሱልኝ ስንቶቹ ይህን ያህል ይዘዋል? ይመዝግቧት» አሉ። አቶ ቢተው ፊታቸውን አጨፍግገው ስሟን ጻፉ።

«ወላጅ ይፈርሙ» ብለው የቀለም ሳጥኑን ገፉልኝ። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ በቃሌ ይዤ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው። ፋና እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስዳ፣ ካሻራዬ ጎን ስሜን ጻፈችው፦ ባንችይርጋ።