ለውርጭ ባንድ የተተከለ ድንኳን

ጥላነሽ ከቅዳሜ ገበያ ተመልሳ ሽንኩርቷን እንደያዘች ከባጃጅ ስትወርድ፣ ግቢዋ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየች። ድንኳኑ የዕድሩ ነው፤ ጠባቂዋ ደግሞ ራሷ ጥላነሽ። ሰው ሲሞት ብቻ የሚወጣ ድንኳን! ሳምንቱን ሙሉ «አይሆንም አልኩ እኮ!» ስትልበት የከረመችው ድንኳን! ሽንኩርቱን በሩ ላይ ጥላ ገባች።

«እድላዊት! አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?»

ልጇ እድላዊት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከድንኳኑ ወጣች። ጓደኞቿ ትዕግስትና ሳሊሃም ተከትለዋት ወጡ፤ እነሱም ጥቁር በጥቁር ናቸው። ሳሊሃ እንጨት ላይ የታሰረ ስልክ ይዛለች።

«እማዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ! የፊልሙ መጨረሻ ነው።»

ፊልም ይሉታል እንግዲህ! ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ እነዚህ ሦስት ልጆች አናቷ ላይ ወጥተው ነው የከረሙት። መጀመሪያ የሚወዱትን ባንድ እየተከተሉ ስለሚያድጉ ልጆች የሚያወሩ ፊልሞችን ከስልክ ላይ ሲያዩ ሰነበቱ። ከዚያ «እኛስ ምን አነሰን!» ብለው የራሳቸውን ጀመሩ። እነሱ የሚወዱት ባንድ ደግሞ ውርጭ ባንድ ይባላል፤ ስሙ ራሱ የሚያንቀጠቅጥ። በፊልሙ ልጆቹ ባንዱን ለማየት ከቤት ይጠፋሉ፣ በአይሱዙ ይሳፈራሉ፣ ዝናብ ይመታቸዋል። ሰማዩ እነሱ ሲሉት አልዘንብ ስላለ፣ የጥላነሽ በርሜል ውሃ ትዕግስት ላይ ተደፋ። እሺ፣ ይሄንንም ቻለችው።

ያልቻለችው ሌላውን ነው። ባለፈው ወር ውርጭ ባንድ ተበተነ የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲመጣ፣ እድላዊት ትራሷ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ዋለች፤ እህል አልቀምስም አለች። ይህችው ልጅ አባቷ ታረቀ ሲሞት አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም! ታረቀ የሮብ ገበያ ሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ አገር የሚወደው ሰው። ዘመድ አዝማድ ደረቱን ሲደቃ እሷ ጥግ ይዛ ግድግዳ ስታይ ዋለች። «ልጅቱ እኮ አላለቀሰችም» ተብሎ ተወራ። ጥላነሽ ለሰው «ደንግጣ ነው» ትበል እንጂ፣ ነገሩ እንደ እሾህ ልቧ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። እሷ ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ዘፈን አላስከፈተችም፤ ቴፑ እንኳ ጨርቅ ተደርቦበት ነው የተቀመጠው። ልጅቱ ግን ለአባቷ የነፈገችውን እንባ ለዘፋኝ!

«አውርዱት! አሁኑኑ!» ብላ ገመዱን ልትፈታ ስትል፣ ጎረቤቷ እትዬ ያለምዘውድ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

«ወየው! ወየው ጥላነሽ! ማን ሞተብሽ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ እትዬ ያለምዘውድ! ዘፋኞች ተበተኑ ብለው ፊልም እየሠሩ ነው፣ እነዚህ እብዶች።»

የእትዬ ያለምዘውድ እጅ ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «ለዘፋኝ ድንኳን? ወይ ስምንተኛው ሺህ!» አሉ። ከዚያ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«እንዴ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ድንኳን አይቼ ሳልቀመጥ አልመለስም፣ ልጄ። ደግ አይደለም።»

በቃ! ትልቅ ሰው የተቀመጠበት ድንኳን አይነቀልም። ጥላነሽ ገመዱን ለቀቀች፤ ሳሊሃም ጊዜ ሳታባክን ስልኩን አቁማ «ጀምሩ!» አለች።

ጀመሩ። ትዕግስት ፊቷን ሸፍና «እህ፣ እህ» ትላለች። እድላዊት ደግሞ «ውርጮች ሆይ፣ ለማን ጥላችሁን ሄዳችሁ» ትላለች፣ ክፍል ውስጥ አንብቢ የተባለች ይመስል።

«ይሄ ለቅሶ ነው ሳል?» አሉ እትዬ ያለምዘውድ።

ደገሙት፤ ባሰበት። ይባስ ብላ ትዕግስት ሳቋ አመለጣት። ጥላነሽ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«አቁሙ! እኔ ቆሜ እያየሁማ ለቅሶ እንዲህ አይዋረድም!» ብላ መሀላቸው ገባች። «ትዕግስት፣ እጅሽን ከፊትሽ ላይ አንሺ። አንቺ ደግሞ እድላዊት፣ ባንድ ባንድ ምንድን ነው? ለባንድ ይለቀሳል? ሰው ጥሪ! ምን ይወድ ነበር? ምን ይልሽ ነበር? እሱን ስታነሺ እንባው ራሱ ይመጣል።»

እድላዊት የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ያፏጭ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ማርሽ ሲቀይር። የውርጮችን ዘፈን ያፏጭ ነበር። ሚኒባሱ የሮብ ገበያን ዳገት አልወጣም ሲለው፣ ‹በይ እድል፣ ዝፈኚለትና ይውጣ› ይለኝ ነበር። ስዘፍንለት ይወጣል።» ወደ እናቷ ዞረች። «እነሱ እያሉ እኮ እሱም ያለ ይመስለኝ ነበር፣ እማዬ! አሁን ማን ቀረ? አባዬ! ኧረ አባዬ!»

እናቷ እግር ሥር ተደፋች። ጥላነሽ አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» እያለች እቅፍ አደረገቻት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችው እንባ ቀሚሷን አራሰው። እትዬ ያለምዘውድም ታረቀን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሳሊሃ አፍንጫዋን እየጠረገች «እትዬ ጥላነሽ፣ እንዳይቆጡኝ» አለች። «መቅረጽ ረሳሁ።»

«ሳሊሃ!» ብላ ትዕግስት ጮኸች።

«እንኳን ረሳሽ!» አለች ጥላነሽ፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች። «በሉ አሁን ድንኳኑን አውርዱ። አጣጥፋችሁ ነው የምታስገቡት፣ ጠቅልላችሁ እንዳትወረውሩት። የደፋችሁትን በርሜልም ትሞላላችሁ።»

ድንኳኑ ወርዶ ሲገባ፣ ጥላነሽ ከቤት ቴፑን ታቅፋ ወጣች። ጨርቁን ገፈፈችና ለልጇ ሰጠቻት።

«ፍላሹ እንዳለ ነው፤ አባትሽ እንደተወው። ክፈቺው።»

እድላዊት እናቷን በፍርሃት እያየች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከፈተችው።

«ምን ያንሾካሹከዋል? ጨምሪው እንጂ!» አለች ጥላነሽ ተቆጥታ። «አባትሽ ቀስ አድርጎ ሲሰማው አይቼ አላውቅም።»