ሁለት ወራጅ

ነጮቹ መኪኖች ሥራ በጀመሩ በአራተኛው ቀን፣ «ወራጅ አለ» ያለው ሰው መቀመጫው ላይ ቀርቶ ሌላ ሰው ወረደ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

መኪኖቹ ሾፌር የላቸውም፤ ረዳትም የላቸውም። እነሱ በመጡ በሳምንቱ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ከከተማው ጠፉ፤ የት እንደገቡ የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ አልተሰማም። የእኛ ሰው አዲስ ማጓጓዣ ሲመጣ አሳፋፈሩን ተጋፍቶ ይማራል፤ አወራረዱን ግን ውሎ አድሮ ነው የሚደርስበት። ከጋሪ የሚወርድ የባለጋሪውን ትከሻ ነካ ያደርግ ነበር። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ደወል ይጫናል። ባቡሩ ራሱ ይቆማል። በታክሲ ደግሞ «ወራጅ አለ» ይባላል። ይህ አባባል ወራጅ መኖሩን ይናገራል እንጂ ወራጁ ማን እንደሆነ አይናገርም። በታክሲ ዘመን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ነጮቹ መኪኖች ግን የሚሰሙት የተባለውን ብቻ ነው። ወራጅ አለ ሲባሉ ይቆማሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ከተሳፋሪው አንዱን ያወርዳሉ።

ሰዓት ሠሪው ዳምጠው ይህን ስለሰማ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተሳፈረም። የስድስት ዓመት ልጁን ትርሲትን ጠዋት ከመካኒሳ ሜክሲኮ ትምህርት ቤቷ ድረስ በእግር ያደርሳታል፤ ከሰዓት በኋላ በእግር ይመልሳታል፤ ሲደክማት ትከሻው ላይ ያወጣታል። ጎረቤት ሳቀበት። እሱ ግን የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር፤ ከልጁ ጋር ተሳፍሮ ከልጁ ጋር መውረድ።

ሐሙስ ዕለት ትርሲት ገመድ ስትዘል እግሯ ወለም አላት። የዳምጠው ወገብም ከሦስት ሳምንት ሸክም በኋላ እምቢ ብሎ ነበር። ዝናቡ ሊጥል ሲል አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ዳምጠው ፈራ፤ ቢሆንም ልጁን አቅፎ ገባ።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነው። አንዷ ዘንቢሏን በጥቅል ጎመን የሞላች ሴት ናት። ሦስተኛው የዳምጠው ደንበኛ ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር።

«ልጅ ይዘህ ገባህ?» አሉት ጋሽ ታፈሰ።

«እግሯ ወለም ብሏት ነው።»

«እንግዲያስ አፏን ያዝልን።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ትርሲት ከታክሲ ሁሉ ነገር የምትወደው «ወራጅ አለ» ማለትን ነበር። ቤታቸው ሲቃረብ አባቷን በክርኗ ጎሰም አድርጋ ፈቃድ ትጠይቅና ባላት ድምፅ ሁሉ ትለቀው ነበር። ዳምጠው መዳፉን አፏ ላይ አደረገ።

ሳር ቤት ሲደርሱ ባለ ዘንቢሏ ሴት «ወራጅ አለ» አለች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። መኪናው ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ተነሥቶ ወረደ። መውረድ እንዳልፈለገ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ እግሮቹ ግን ደረጃውን በሥርዓት ረገጡ። ቦርሳው መቀመጫው ላይ ቀረ። በሩ ሲዘጋ ከጣሪያው አንድ ድምፅ «ወርዷል» አለ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ሴትዮዋ። «አመል ሆኖብኝ ነው።»

የዳምጠው ቤት መካኒሳ አስፋልቱ ዳር ነው። መኪናው በበራፉ ሲያልፍ ትርሲት በአባቷ መዳፍ ውስጥ አጉረመረመች። ዳምጠው «እኔና ልጄ እንወርዳለን» አለ። መኪናው አልቆመም። «እባክህ እዚህ ጋ አቁምልን» አለ። አልቆመም።

«አይገባውም» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «እኛ በታክሲ ስንል የሰማውን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

መኪናው አንዴ ማውረድ ከጀመረ የጫነውን ሁሉ ሳያራግፍ አዲስ ሰው አይጭንም። ጀሞ ደርሶ ተመለሰ፣ ሜክሲኮ ደርሶ ተመለሰ። ቤታቸውን አምስት ጊዜ አለፉት። የትርሲት ቁርጭምጭሚት አበጠ፤ ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ዳምጠው ደግሞ ልጁ ብቻዋን በማታውቀው መንገድ ላይ ስትወርድ እየታየው ይበልጥ አቀፋት።

«ቁጥር እንኳ ይገባዋል» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ባለፈው ‹ሦስት ወራጅ አለ› ሲሉት ሦስት ሰው ሲያወርድ አይቻለሁ።»

«እነማንን?»

«እሱ አይታወቅም። ስማኝ ልጄ፣ እኔና ሴትዮዋ እንቅደም። ከዚያ የምትቀሩት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሁለት ወራጅ ብትለው ከየት አባቱ ሌላ ሰው ያመጣል?»

«ከእርስዎ ጋር ትርሲትን ቢያወርድብኝስ?»

«ይዣት እጠብቅሃለሁ።»

«እኔም ብሆን አልለቃትም» አለች ባለ ዘንቢሏ። «እናት ነኝ።»

ዳምጠው ልጁን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ታፈሰ ጀሞ ላይ «ሁለት ወራጅ አለ» አሉ። በሩ ተከፈተ። ዳምጠው ክንዱ አሁን ባዶ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ጋሽ ታፈሰ ተነሡ። ቀጥሎ፣ ለዳምጠው ብዙ ጊዜ ያለፈ ከመሰለው በኋላ፣ ሴትዮዋ ተነሣች። ድምፁ «ወርደዋል» አለ። ዳምጠው ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር፤ ግን ሳቀ። ትርሲትም ሳቀች።

መካኒሳ ሲቃረቡ ወደ ኋላ ዞሮ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየ። ማንም የለም። መዳፉን ከልጁ አፍ ላይ አነሣ።

«አሁን ማለት ትችያለሽ። ግን ሁለት ብለሽ ጀምሪ።»

«ሁለት ወራጅ አለ!» አለች ትርሲት ባላት ድምፅ ሁሉ።

መኪናው ልክ በበራፋቸው ቆመ። ትርሲት ከጭኑ ላይ ተነሣች፤ ክንዱ ሊይዛት አልታዘዘም። ዳምጠው ሊነሣ ሞከረ፤ እግሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ ግን አልተነሡም። ልጅቷ ደረጃውን ወረደች። በሩ ጥቂት ቆየና ተዘጋ።

«ወርደዋል» አለ ድምፁ።

ዳምጠው «ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ፤ መስታወቱን በቡጢ መታ። መኪናው አልቆመም። በመኪናው ቆጠራ ውስጡ የቀረ ሰው አልነበረም።

በኋላው መስታወት ትርሲትን አያት። እያነከሰች ነው የምትሄደው። ሰው እንደያዘላት ሁሉ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ክብደቷን እዚያው ላይ ጥላለች፤ አልወደቀችም። ቀና ብላ የሆነ ነገር ታወራለች። አስፋልቱ ዳር ያለው ቦይ ጋ ስትደርስ ሁለት እግሮቿ ከመሬት ተነሡ፤ በአየር ላይ ተሻግራ ማዶ በቀስታ ተቀመጠች። ሚስቱ አምሳለ የግቢውን በር ከፈተች። ልጅቷን ሳመች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ ማታ ማታ እሱን ስትቀበል እንደምታደርገው፣ ፈገግ አለችና አንድ ነገር ተናገረች። ትርሲት ገባች። አምሳለ ሌላ ሰው እስኪያልፍ ያህል ወደ ጎን ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ በሩን ዘጋችው።