በጠፋ ኮምፒዩተር የተጻፉ ዘጠኝ ቅኔዎች

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ፣ በሰብሊ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ግን አልስትም። የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንዱ ከግሽ ዓባይ ድረስ የመጡትም «ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ የሚለይ ልጅ አለ» ተብለው ነው።

ሟቹ መምህራቸው መሪጌታ ያለው ይባላሉ፤ ቅኔዎቻቸው በወረቀት የሉም። ያሉት በየኔታ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። መጪው እሁድ የመሪጌታ የሰባት ዓመት ተዝካር ነበር፤ የኔታ ደግሞ ሰማንያን አልፈዋል።

«በዚያ ቀን ታትሞ በእጄ ካልገባ፣ ሌላ ዓመት ማን ያቆየኛል?» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጀመርን። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወርዱታል፤ እኔ እተይባለሁ። ሦስተኛውን ስንጨርስ ኮምፒዩተሩ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። ነጭ እንግሊዝኛ አወጣና ድርግም አለ።

«የኔታ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ማለት ነበረብኝ። ግን ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፤ ቅኔ ሲያወርድማ መሳልም ያሳፍራል። ስለዚህ መተየቤን ቀጠልኩ። በጠፋ ኮምፒዩተር ላይ፣ አልፎ አልፎ «እህ» እያልኩ፣ ዘጠኝ ቅኔ ጻፍኩ። ስህተት ስለማልወድ አንዱን እንኳ መለስ ብዬ አርሜዋለሁ። አሠሪዬ ሰብሊ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ሆና ስታየኝ ነበር።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «በል አንብብልኝ።»

«መብራት ሄደ፣ የኔታ።»

ወደ ላይ አዩ። «ይኼ የሚበራውስ?»

«እሱ... ሌላ መስመር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቫይረስ ነው ብዬ ዊንዶውሱን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ዓርብ ጠዋት አራት ቅኔ ሄድንና እንደገና ሰማያዊ። ሙቀት ነው ብዬ በካርቶን ክዳን አራገብኩለት። አሁንም ሰማያዊ።

«መልካሙ፣ ጠበል ውሰደው» አለች ሰብሊ። «አለዚያም የሚቀጥለውን ውሸት አብረን እንምረጥ፤ ያንተ እያለቀ ነው።»

የኔታ ተነሡ። «የስድስት ሰዓቱ መኪና እንዳያመልጠኝ። በልቤ የመጣው በልቤ ይመለስ፤ ከእኔ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

በሩ ላይ ሲደርሱ አንደበቴ ተፈታ። «የኔታ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። መብራትም አልሄደም። ትናንት የጻፍኩት በጠፋ ኮምፒዩተር ነው።»

«ሁሉንም?»

«ዘጠኙን።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እኔ ዘንድ ተማሪዎች አብረው ዜማ ሲሉ፣ አንዱ ቢስት በሌላው ድምፅ ይሸፈናል» አሉ። «ስለዚህ አንድ በአንድ አስነሥቼ ለየብቻቸው እንዲሉት አደርጋለሁ። ይኼ ዕቃህ የነገርነውን የሚይዘው በምኑ ነው?»

«በራም ነው፣ የኔታ። ሁለት ራም አለው...» አልኩና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ።

ሁለተኛዋን ባለፈው ወር «ፍጥነት ትጨምራለች» ብዬ ሰብሊን ያስገዛኋት እኔ ነኝ። መብራቱን፣ ቫይረሱንና ሙቀቱን ስጠረጥር እሷን አልጠረጠርኩም። የራሴ ምርጫ ነቻ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ጥፋተኛዋ አሮጌዋ ትሆናለች ብዬ እሷን ነቀልኩና አዲሷን ብቻዋን አስነሣኋት። ዊንዶውሱ እንኳ ሳይከፈት ሰማያዊ። አዲሷን አውጥቼ አሮጌዋን መለስኩ። ኮምፒዩተሩ እንደ ጭነት አህያ እያዘገመ ተነሣ፤ ግን ጸንቶ ቆመ።

«የሳተው አዲሱ ተማሪ ነው» አሉ የኔታ።

«አምጪው ደግሞ ይኸው» አለች ሰብሊ በአገጯ እያመለከተችኝ።

መኪናው ሄደ፤ የኔታ ግን ቀሩ። ከእያንዳንዱ ቅኔ በኋላ «ይታገሡኝ» እያልኩ ሴቭ አደርግ ነበር። መጀመሪያ ላይ ድምፄ አይሰማም፤ ወደ ማታ ግን ተሰማ። ኮምፒዩተሩ አንዴም አልጠፋም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ስናወጣ የኔታ፣ «ከታች የጸሐፊው ስም ይግባ» አሉ።

«አይ የኔታ፣ እኔ ማን ሆኜ...»

«ለክብርህ መሰለህ? ጸሐፊ ስሙን የሚያኖረው ምሕረት እንዲለመንለት ነው። አንተን የሚያስፈልግህ ይመስለኛል።»

የክርስትና ስሜን በደቃቃ ፊደል አስገብቼ አወጣሁት። የኔታ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ፈለጉት።

«አሳድገው» አሉ። «የሚጸልይልህ ሽማግሌ ነው፤ አይታየውም።»