የክፍል ሃያ ስድስት እርቅ

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ በሽታ አለብኝ፤ የሰው ወሬ ሳያልቅ ከተቋረጠ እንቅልፍ አይወስደኝም። በአገሬ በመሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካወሩ፣ የማልገዛውን ሽንኩርት እየመረጥኩ አጠገባቸው እቆም ነበር። እናቴ «የትምወርቅ፣ ይኸ ጆሮሽ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብሻል» ትለኛለች። ጉዱ እስኪመጣ እንጀራዬ ሆነ። አዲስ አበባ ገብቼ የቴሌቪዥን ድራማ ስጽፍ፣ ኋላም ራሴ ፕሮዲውሰር ስሆን፣ ሰው ሁሉ «ይኼን ሁሉ ታሪክ ከየት ታመጪዋለሽ?» ይለኛል። «ከራሴ» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

በ1990 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው ድራማዬ የእኅቴ የደብሪቱ ነበር። ከማግባቷ በፊት፣ አብረን ሱፍ ስንፈትል፣ «ላንቺ ብቻ» ብላ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። ምን እንደነበረ ለእናንተ አልነግራችሁም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ስሟን ቀየርኩ፣ አገሯን ቀየርኩ፣ ጠይሟን ቀይ አደረግኋት። መሐል ሜዳ ሆቴል ቤት በጄነሬተር የሚሠራው ቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰበው ሰው ግን እሷ መሆኗን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሳምንት ሳይሞላ ዘመሮ ከተማ ያለው ባሏ ቤት ድረስ በገጸ ባሕርይዋ ስም ይጠሯት ጀመር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከቴሌቪዥን የወጣውንማ ማን ይመልሰዋል?

እኔ አዲስ አበባ ሲጨበጨብልኝ ደብሪቱ ገበያ መውጣት ተወች። ስምንት ዓመት አላናገረችኝም። የላክሁላት ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። በአባታችን ተዝካር ላይ እንኳ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በ1998 ሌላ ድራማ ይዤ መሐል ሜዳ ገባሁ። የመጨረሻው ክፍል፣ ሃያ ስድስተኛው፣ ሁለት ወንድማማቾች በሽማግሌ ሲታረቁ ያሳያል። እውነት እንዲመስል ብዬ የአስታራቂውን ቦታ እውነተኛ ቄስ እንዲይዙልኝ ለመንኩ፤ የቤታችንን የነፍስ አባት መምሬ ገብረ አማኑኤልን። እሺ አሉኝ። ድራማ ምን እንደሆነ ያውቁ እንደሆነ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም። ያ ሁሉ ጠያቂነቴ እዚያ ላይ ተኛ።

ቀኑ ገበያ ነበርና ሰዉ ሥራውን ትቶ ከበበን። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ማይክሮፎኑን ያስጮኸዋል። በዳዩን ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ተገኘ የሚባል ተዋናይ ጫንቃ የሚሰብር ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። ቀረጻው ሲጀመር መምሬ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ከጽሑፌ ውጪ፣ «ምን በድለህ ነው ልጄ?» አሉት።

«የወንድሜን መሬት ገፍቼ ነው፣ አባቴ» አለ ተገኘ።

«የት ያለውን መሬት?»

ተገኘ ዞሮ አየኝ። «አባቴ፣ ድራማ እኮ ነው» አልኳቸው። «መሬትም የለው፣ ወንድምም የለው። ሰውዬው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው።»

«መሬትም ወንድምም ከሌለው ከምኑ ልፍታው?» መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። «እኔ በሌለ ጠብ ላይ ‹እግዚአብሔር ይፍታ› አልልም። ይኸ ፎቶ ማንሻ መኪናሽ ውሸት ይችል ይሆናል፤ መስቀል አይችልም። እውነተኛ ጠብ ካለሽ አምጪ።»

 የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሄደ። እኔም አየሁና ክው አልኩ። ደብሪቱ ለሽያጭ ያመጣችውን ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሷን፣ በክንዷ ይዛ ሰው መሐል ቆማለች። እሷም ልታይ መጥታለች፤ የአንድ እናት ልጆች አይደለን!

«ደብሪቱ፣ ስለ መስቀሉ ብለሽ ቅረቢ» አሏት መምሬ። ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ድንጋዩን ተቀበዪው» አሉኝ።

ተሸክሜ ተንበረከክሁ። ካሜራ የያዘው ወሰኔ አላጠፋም። እውነቱን ልናገር፣ እንዳያጠፋ በዓይኔ የጠቀስሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴ መሬት ሳይነካ፣ ከዚህ እንዴት ያለ ትዕይንት እንደሚወጣ እያሰብሁ ነበር።

«ምን በደልሻት?»

«ምስጢሯን አወጣሁባት።»

«ምን ምስጢር? በአገራችን በደል ሳይነገር እርቅ የለም። ተናገሪው።»

ልክ ናቸው፤ ወጉ ነው። ገበያው በሙሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ያን ማስገግ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። ወሰኔ ካሜራውን ወደ አፌ አስጠጋ። ደብሪቱ መሬት መሬት ታያለች፤ ባናውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ይቅርታ የምለምነው ስለ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ።

«አልናገረውም፣ አባቴ» አልኩ።

«እንግዲያ አላስታርቅሽም።»

«አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ወሰኔ፣ አጥፋው!»

አንገቴን እንደደፋሁ ማልቀስ ጀመርኩ። ድንገት ጫንቃዬ ቀለለኝ። ቀና ስል ደብሪቱ ባናውን መሬት ላይ ጥላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አባቴ፣ በደሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ ይበቃል» አለች። «ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«ተበዳይዋ ይበቃል ካለች ይሁን» አሉ መምሬ። ከዚያ መስቀላቸውን አነሡና ቀስ ብለው ፈቱን።

ክፍል ሃያ ስድስት ያለ እርቅ ታየ፤ ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሳይነጋገሩ ይተላለፋሉ። «በመጨረሻ ታረቁ ወይስ አልታረቁም?» የሚል ደብዳቤ ለወራት ጎረፈልኝ። ለአንዱም መልስ አልሰጠሁ።

ይኼን ጽፌ እንደጨረስሁ ዘመሮ ሄጄ ለደብሪቱ አነበብኩላት። ፈትሏን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«ካልወደድሽው እቀደዋለሁ» አልኳት።

«ምን ይቀደዳል። ድንጋዩ ግን ያን ያህል ትልቅ አልነበረም።» እንዝርቷን አሽከረከረች። «የሁሉን ወሬ ትጠይቂያለሽ። እኔን ግን ያን ስምንት ዓመት እንዴት አሳለፍሽው ብለሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም።»

እስክሪብቶዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጠየቅኋት።