የኮርቢኒያን ጥላሸት

ኮርቢኒያን ከተቀበረ ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ ሮዝቪታ የዒላማ ሽጉጡን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታታችው። እሁድ የተኩስ ክለቡ መታሰቢያ ያደርግለታል፤ በመንደሩ ልማድ የመጀመሪያዋን ጥይት በሟቹ ሽጉጥ የምትተኩሰው ሚስቱ ናት።

«ሠላሳ ዓመት ሳያጸዳው ኖረ፤ ልክ እንደ እግሩ» አለች ቃታውን በብሩሽ እየፈተገች።

የክለብ ጓደኛው አሎይስ ቢራውን ይዞ ከጎኗ ተቀምጧል። የማጽጃውን ዘንግ ወደ አፈሙዙ ስትልክ አየና ጮኸ።

«ኧረ ተይ! አፈሙዙ ከተጠረገ ዒላማ ይስታል። በጥላሸት እንደገና እስኪጠቁር ድረስ ወደ ልኩ አይመለስም!»

«እሱ ደግሞ መቼ መትቶ ያውቃል?»

«ከጎኑ ያለውን የእኔን ዒላማ ሁሌም ይመታ ነበር።»

ሮዝቪታ ሳቀች። ከዚያ የተፈታውን አፈሙዝ ወደ መስኮቱ አንስታ በውስጡ አየች። ኮርቢኒያን ከመሞቱ በፊት ሐሙስ ዕለት ሲተኩስ የቀረው ጥላሸት እዚያው ተጋግሯል። ልብሱን አጥባለች፣ ጫማውን ሰጥታለች፤ ይህን ከጠረገች ከእሱ የሚጠረግ ሌላ ነገር አይኖርም።

ዘንጉን አስቀመጠችና ሽጉጡን መልሳ ገጣጠመችው።

«እሺ አንተ ቆሻሻ፣ ይህችን ብቻ ትቼልሃለሁ» አለች።

እሁድ ተኮሰች። ጥይቷ የአሎይስን ዒላማ መሐል ለመሐል በሳችው።

«አላልኩሽም?» አለ አሎይስ ባርኔጣውን አውልቆ።