ወንዝ ማዶ፣ ባዶ

ስልኩ ሲጮኽ የሳምንቱን የውኃ ምርመራ ውጤት ሕዝብ ወደሚያየው ድረ ገጽ እያስገባች ነበር። አላነሳችውም። በዚያ ስልክ የሚደውል ሁሉ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው። ቆይቶ እንደገና ሲጮኽ ግን ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል መነጋገሪያውን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል ሰካችው።

"ሠንጠረዡን የሚጽፈውን ሰው ፈልጌ ነበር" አለች አንዲት የሸመገለች ሴት።

ደነገጠች። በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚያስታውስ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ድረስ "ሠንጠረዥ" ነው የሚሏት። ቅጽል ስሟ ከግቢ ወጥቶ የተሰማ መሰላት።

"እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?"

"ኧረ ምንም! ላመሰግንሽ ነው ልጄ።"

የሠንጠረዥ ጣቶች ፊደል ገበታው ላይ ቀጥ አሉ። ከፊት ለፊቷ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዋ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ክፍሉ የእሷ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቀን ለጥበቃው "ደህና ዋሉ" እስክትለው ድረስ ድምፅዋን ራሷም አትሰማውም። ያሳደገቻቸው ታናናሾቿ የየራሳቸውን ጎጆ ቀልሰው ሄደዋል፤ የሚደውሉት ሲቸግራቸው ነው። ገጹም እንደዚያው ነው። ውጤቱን ካወጣች በኋላ በትክክል መታየቱን ለማረጋገጥ ራሷ ትከፍተዋለች፤ የጎብኚ ቆጣሪው አንድ ሲጨምር ያቺ አንድ እሷው ናት። ከዚያ በላይ ካለ የኮምፒውተር ክፍሉ ልጆች ይሆናሉ ብላ ታልፈዋለች።

"ወንዝ ማዶ ሕፃናት አውላለሁ" አለች ሴትዮዋ። "እናቶቻቸው ሥራ ሲሄዱ እኔ ጋ ይተዉልኛል። እትዬ ነው የሚሉኝ። የልጅ ልጄ ያንን ገጻችሁን ስልኬ ላይ ከከፈተልኝ ጀምሮ ሳላየው አላድርም። ቁጥር ካለበት ማፍላት፣ ዜሮ ከሆነ ከቧንቧ ቀድቶ ማጠጣት። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት እትዬ። ዜሮ ማለት ጀርም አልተገኘበትም ማለት ነው።"

"ይኸው የእኛ ሰፈር ዜሮ በዜሮ ሆኗል፤ ማፍላቱን ከተውኩት ሰነበትኩ። ጋዜም ተረፈልኝ፣ እኔም ተረፍኩ።"

ሠንጠረዥ ሳቀች። ሳቋ ከጣሪያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰላት። ሰው ያነበዋል! አንዲት ሴት፣ ወንዝ ማዶ፣ ሕፃን ታቅፋ የእሷን ቁጥሮች ታነባለች።

"ደግሞ ትጋታችሁ!" አለች እትዬ። "ማክሰኞ ለት ቧንቧው ጠብ ሳይል ነው የዋለው። እናንተ ግን ከየትም ብላችሁ የማክሰኞውን ውኃ መርምራችሁ ዜሮ ነው አላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ።"

የሠንጠረዥ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። "ማክሰኞ ውኃ አልነበረም?"

"ማክሰኞማ ፈረቃችን አይደለም። ፈረቃ ከተጀመረ ማክሰኞ ውኃ አይተን አናውቅም።"

የውኃ ናሙና የሚቀዳው ደግሞ ማክሰኞ ነው።

"ልጆቹስ ደህና ናቸው?" አለች ቀስ ብላ።

"ሦስቱን ሆዳቸውን አሟቸው ነበር። ከውኃው እንዳይመስልሽ፤ ውኃውማ በእናንተ ተመስክሮለታል። ከቤት የሚቋጥሩላቸው ምግብ ነው ብዬ እናቶቹን ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። አንደኛዋማ አልቅሳ ነው የሄደችው።"

"እትዬ፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ልደውልልዎት" አለች ሠንጠረዥ። ‘ውኃውን ያፍሉት’ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ገና አላረጋገጠችም፤ ምስጋናውም ገና ከጆሮዋ አልወጣም።

ወዲያው ናሙና ቀጂው ጋ ደወለች። እሱንም በስሙ የሚጠራው የለም፤ ብልቃጦቹን በሞተር ብስክሌቱ ሲያንኳኳ ስለሚውል "ጠርሙስ" ይሉታል። ከየሰፈሩ ቀድቶ ላቦራቶሪ ያስገባል፤ ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ ሰፈር በሰፈር በስልክ ያነብላታል፤ እሷ እየሰማች ትጽፋለች። ሥራው እንዲህ ሲሄድ ዓመት አልፎታል።

"እህትዓለም! በሰላም ነው? አንቺ ደውለሽልኝ አታውቂ" አለ። ከጀርባው መኪና ይጮኻል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስታነብልኝ ‘ወንዝ ማዶ፣ ባዶ’ ስትል ምን ማለትህ ነው?"

"ባዶ ነዋ! ጠርሙሱ ባዶ ነው። ቧንቧው ካልመጣ ምን ልቅዳልሽ፣ እንባዬን?"

"ጀርም ሳይገኝበት ሲቀርስ ምንድን ነው የምትለኝ?"

"‘ንጹሕ’ ነዋ። ምነው፣ ዛሬ ቋንቋ ጠፋሽ?"

ገጹ ላይ ያሉትን ዜሮዎች ቁልቁል አየቻቸው። እሱም ዳር ይዞ ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማት።

"አንቺ፣ ምን ብለሽ ስትጽፊ ነበር?"

"ዜሮ። ንጹሕ ስትልም ዜሮ፣ ባዶ ስትልም ዜሮ። ኳስ ላይ ሁለት ለባዶ እንደሚሉት መስሎኝ።"

"ኧረ በስመ አብ!" አለ ጠርሙስ። ቆይቶ ደግሞ፣ "አንድም ቀን እኮ አልጠየቅሽኝም" አለ።

እውነቱን ነው። አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ሲያነብላት ለመጨረስ ትቸኩላለች፤ "ቀጥል፣ ቀጥል" ነው የምትለው። እሱ ደግሞ ውጤት ካነበበ በኋላ ወሬ ያምረዋል፤ እሷ ግን ወሬ እንዴት እንደሚጀመር ከረሳች ቆይታለች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እነዚያ ዜሮዎች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው ሲታዩ እንዴት ደስ ይሏት ነበር!

እትዬ ጋ ስትደውል ከወዲያ ማዶ ሕፃን ያለቅሳል።

"እትዬ፣ ውኃውን ያፍሉት። ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ። የእናንተን ሰፈር ውኃ አልለካነውም። ዜሮ ያልነው ሳንለካው ነው።"

"እንዴት ሳትለኩት?"

አስረዳቻት። ባዶና ባዶ እንዴት እንደተምታቱባት ስትናገር ነገሩ ለራሷም የሕፃን ጨዋታ መሰላት። እትዬ እስኪያልቅ አዳመጠች። ሕፃኑ ዝም ብሏል።

"እናቶቹን እኮ ተቆጣኋቸው" አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ያቺ ያለቀሰችው ከዚያ ወዲህ ልጇን አላመጣችም። ዓይኔ ነበር ያ ልጅ።" ተነፈሰች። "እኔ ደግሞ እንደ ወንጌል አምኜሽ።"

ስልኩ ተዘጋ። ተናዳ ይሁን ውኃ ልትጥድ ተጣድፋ፣ ሠንጠረዥ አላወቀችም። መነጋገሪያውን እንደያዘች ቆየች። ገጹ አንባቢ ማግኘቱን ባወቀችበት ቀን አንባቢውን አጣች።

ኃላፊው ቢሮ ስትገባ ግድግዳው ላይ መሥሪያ ቤቱ በመረጃ ግልጽነት አንደኛ የወጣበት ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። አንደኛ ያስወጣው ከሠንጠረዡ አንድም ሳጥን ሳይሞላ አለመታየቱ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሳያቋርጥም ሰማት።

"ለሴትዮዋ ነግረሻታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

"እንግዲያው ምን ቀረ? ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በትክክል ጻፊ። ያለፈውን ውኃ ይበላዋል።"

"የተጻፈው ግን ገጹ ላይ አለ። ወንዝ ማዶ ብቻም አይደለም። ማክሰኞ ፈረቃቸው ያልሆነ ሰፈሮች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ‘አልተለካም’ ብዬ ላስተካክላቸው።"

"የዘንድሮው የግልጽነት ግምገማ ሊደርስ? ገጹን ወንፊት ልታደርጊው ነው?" ሳቀ፤ እሷ ስላልሳቀች ሳቁን ሰበሰበ። "ስሚኝ እህቴ። የሚያነበው ሰው አንድ ነው፤ ለአንዷ ነግረሻታል። ለማን ነው የምታርሚው?"

"እንጃ" አለች። "እሷም እስከ ዛሬ ታነበው ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር እንጂ።"

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "እሺ፣ የግድ ከሆነ አንዲት መስመር ከሥር ጨምሪ። ‘በአንዳንድ ቦታዎች መጠነኛ የአመዘጋገብ ልዩነት ተፈጥሮ ተገኝቷል’ በይ። ዜሮዎቹን ግን እንዳትነኪ። መዝገብ ቤት ሰው ጎድሎናል እያሉ ሲያስቸግሩኝ አንቺን አልሰጥም ብያቸዋለሁ፤ እንዳታሳፍሪኝ።"

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሁለቱም ያውቁታል።

ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ከጠርሙስ ጋር በስልክ ዋሉ። እሱ የባዶ ጠርሙሶቹን ሳምንታት እያስታወሰ ሲነግራት፣ እሷ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ደምስሳ "አልተለካም" ስትል ዋለች። የማያስታውሰው ላይ ሲደርሱ "እሱን አላውቅም" ይላል፤ እሷም "አይታወቅም" ብላ ትጽፋለች። ዛሬ "ቀጥል" አላለችውም። ሲጨርሱ ገጹ ኃላፊው እንዳለው ወንፊት ሆነ። ሠራተኛው እየተንጫጫ ደረጃውን ወርዶ፣ የኮሪደሩ መብራት ጠፍቶ ነበር።

የቀረው ማስታወሻው ነው። ኃላፊው የነገራትን ዐረፍተ ነገር ጻፈችውና አነበበችው። መጠነኛ ልዩነት፣ ተፈጥሮ፣ ተገኝቷል። ማን ፈጠረው? ማን አገኘው? ቁጥሩ በሌሊት ተነሥቶ ራሱን የጻፈ ይመስላል። አጠፋችውና እንደገና ጀመረች፦

"ያልተለካ ውኃ ንጹሕ ተብሎ ተጽፎ ተገኝቷል። በእነዚህ ሰፈሮች ያላችሁ ሁሉ ውኃችሁን አፍልታችሁ ጠጡ።"

ይሻላል። ግን አሁንም ያ "ተገኝቷል" አለ። ያቺን ያለቀሰች እናት አሰበች፤ አንድ ቀን ይህን ብታነበው ማንን ትጠይቃለች? "ተብሎ ተጽፎ ተገኝቷል" የሚለውን ደምስሳ "ብለን ጽፈናል" አለች። ቃሉ ለአፍታ ደስ አላት፤ ሰው ያለበት ቃል ነው።

ቀና አለች። ክፍሉ ውስጥ ከእሷው ወንበር በቀር ሌላ ወንበር የለም። ጠርሙስ በትክክል ነው የተናገረው። ኃላፊው ዜሮዎቹን አትንኪ ብሎ ወጥቷል።

"ብለን ጽፈናል" የሚለውን አጠፋች። "ብዬ ጽፌአለሁ" ብላ ተካችውና ገጹን አወጣችው።