የኦቦ ባይሳ እሺታ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያለው ሰው ሐኪም አልነበረም። ኦቦ ባይሳ ስኳር ያለባቸው የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ የቀኝ እግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል። እግሩ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ይገድላቸዋል። ተማሪዎቼ ይህንን ሁለት ጊዜ ነገሯቸው። ሁለቱንም ጊዜ «እሺ» ብለው፣ መርቀው ወጡና በቀጠሯቸው ቀን ቀሩ።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ፣ የማስተምረው ሰበታ ሆስፒታል ነው። ክፍል ሳልገባ መንገዱ ጨርሶኝ እደርሳለሁ። የማስተምረው ደግሞ ከበሽተኛ ጋር መነጋገርን! እኔ ራሴ ከሰው ጋር ማውራት አስጠልቶኛል። «እሺ ማለት ገባኝ ማለት አይደለም፤ የሰሙትን መልሰው ይንገሯችሁ» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ባለፈው ተማሪዬ ኡርጂ «እስቲ የነገርኩዎትን ይድገሙልኝ» ብትላቸው፣ ሽማግሌው «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው?» ብለው ተቆጧት። እውነታቸውን ነው።

ዛሬ ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። ተራው የሌላው ተማሪዬ፣ የሌንጮ ነበር። ወንበሩን ሳብ አድርጎ «አካም ቡልታን፣ ኦቦ» ብሎ እንዴት እንዳደሩ፣ ስለ ጤፉም ስለ ከብቱም ጠየቃቸው። ስንት ሰው ውጭ ተሰልፎ! በልቤ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ስለ እግራቸው ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

«እሺ፣ የኔ ልጅ።»

ሌንጮ ከወንበሩ አልተነሳም። «ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ አዴ ተረፈች ‹ሐኪሞቹ ምን አሉህ?› ቢሉዎት፣ ምን ይሏቸዋል?»

ብልህ ልጅ! እኔ ያላስተማርኩትን ነው የጠየቀው።

«‹ደህና ነው፣ ይድናል አሉኝ› እላታለሁ።»

«ለምን፣ ኦቦ?»

«ገብቶኛል እኮ። መጀመሪያም ገብቶኝ ነበር። ሚስቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ። ጎረቤት ብትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ብትሳለም፣ ትከሻዬን ይዛ ነው። እኔ ቤት ከዋልኩ ማን ይመራታል?»

አፈርኩ። ስንመላለስ ከርመን «ለምን ቀሩ?» ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ሌንጮ ዞሮ አየኝ። አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«ነገ እሳቸውንም ይዘዋቸው ይምጡ፤ አብረን እንነግራቸዋለን» አልኩ።

ኦቦ ባይሳ ለሕፃን እንደሚታዘን አዘኑልኝ።

«ዶክተር፣ ይዣት የምመጣበትን እኮ ነው የምትቆርጡት።»